አህያውን የከሰሱት ባላምባራስ

ወዳጄ፣ ፀጉር መስተካከል ድሮ ቀላል ነገር ነበር። ትቀመጣለህ፣ ትላጫለህ፣ ትሄዳለህ። ዛሬ አራዳ ፀጉር ቤት የገባ ሰው ታሪክ ሳይማር አይወጣም። ባለፈው ሰሞን እኔም ገባሁና ተማርኩ። ፊቴ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ ተቀምጬ ሳለ፣ አንድ ኮሌታው የደረቀ ጸሐፊ ተራውን እየጠበቀ፣ ስለዚያ በሲኒማ ስለሚሮጠው የሥዕል አህያ ያስተምራል። አህያው እንዴት ተወለደ? እንደ ጸሐፊው አባባል፣ አንድ የባሕር ማዶ ሠዓሊ በአራዳ ሲያልፍ አንድ ትልቅ ሰው በጥቁር ጃንጥላ ሥር ሲንጎራደዱ አየ። ደነቀው። አገሩ ገብቶ ሣላቸው። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው።

ትልቁ ሰው ደግሞ ሩቅ አልነበሩም። ከአጠገቤ ባለው ወንበር ላይ አገጫቸውን ለምላጭ ሰጥተው ተጋድመዋል፤ ባላምባራስ ድንበሩ። ጃንጥላቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ውሸት ነው አላሉም። እውነት ነውም አላሉም። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ምላጩ እንዳይቆርጣቸው በልክ በልክ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቤቱ በሙሉ ተደነቀ። ጸሐፊው ይኼ አልበቃ ብሎት ወደ እኔ ዞረና፣ ታፈሰም ያውቃል፣ ያኔ ሲኒማ ቤት ነበር ብሎ ምስክር አደረገኝ። ሁሉም አዩኝ። አፌ ላይ ሳሙና አለ። ሳሙናው ባይኖርም መናገር አልችልም ነበር። ይህን ታሪክ በአፌ እንዳላወራ የሚያግደኝ ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ኋላ ትደርስበታለህ። ዝም ብዬ ተላጨሁ፣ ዝም ብዬ ቤቴ ገባሁ፣ ወረቀት አወጣሁ።

እንግዲህ ስማ፤ ማለቴ አንብብ።

ሰዉ ሲኒማን የሰይጣን ቤት በሚልበት ዘመን ነው። ሙሴ ስታቭሮ የሚባል ግሪክ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ አንድ የቆርቆሮ አዳራሽ ተከራይቶ ሥዕል ያሳይ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ ይሸፍናል፤ ፊት ለፊት ነጭ አቡጀዲ ይወጥራል፤ ራሱ ከኋላ ቆሞ የማሽኑን እጀታ ያዞራል። ሥዕሉ ያኔ ዲዳ ነው። በመሐል በመሐል የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ብቅ ይላል እንጂ ትንፍሽ አይልም። ስለዚህ ከአቡጀዲው አጠገብ ቆሞ ምን እንደተባለ ለሕዝቡ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። አስተርጓሚው ታፈሰ።

ፈረንሳይኛ እችላለሁ ብዬ ነው የገባሁት። ምን ያህል ትችላለህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ባቡር ጣቢያ ስሠራ የለቃቀምኳት ፈረንሳይኛ ወሬው ስለ ሣጥንና ስለ በርሜል ካልሆነ አትረዳም። የሥዕሉ ሰዎች ስለ ሣጥንና ስለ በርሜል ባላወሩ ጊዜ ከራሴ እጨምራለሁ። ምን ክፋት አለው? አንድ ጊዜ ባልና ሚስት ተጣልተው፣ ሴትዮዋ በባቡር ጥላው ስትሄድ ሥዕሉ አለቀ። ሕዝቡ አጉረመረመ። እኔም ግድ የላችሁም፣ የሚቀጥለው ጣቢያ ላይ የአፍንጮ በር ሽማግሌዎች ተቀምጠው እየጠበቋት ነው፣ ዛሬውኑ ያስታርቋቸዋል አልኩ። እልል ተባለ። ሙሴ ስታቭሮ እልልታው ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አያውቅም።

እንዲህ ተንደላቅቄ ስኖር ነው አህያው የመጣው። አንድ ቅዳሜ ሙሴ አዲስ ጥቅልል ከቆርቆሮ ጣሳው አውጥቶ ማሽኑ ላይ ሰካ። አቡጀዲው ላይ የወጣው ሰው አይደለም። ፈረስም አይደለም። በቀለም የተሣለ አህያ ነው፤ ያውም በሁለት እግሩ የቆመ። እግሮቹ የክብሪት እንጨት ያካክላሉ፣ ሆዱ ግን ክብ ነው። ጥቁር ጃንጥላ ይዟል። አገጩን ወደ ሰማይ ቀስሮ ስለሚሄድ ከፊቱ ያለውን ነገር ሁሉ አያይም። ጉድጓድ ካለ ይገባበታል። ባቡር ከመጣ ይሄድበታል፤ እንደ ወረቀት ጠፍጥፎት ያልፋል።

መጀመሪያ ሰዉ ፈርቶ ዝም አለ። ኋላ አንዱ ፈነዳ፣ ከዚያ ሁሉም። እንዲህ ያለ ሳቅ አራዳ ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም። እሪ በከንቱ የሚኖሩ አንዲት ጨዋ ወይዘሮ በሁዳዴ ሊያዩ ፈለጉና፣ በሥዕል አህያ መሳቅ ጾም ይገድፋል ወይ ብለው ደብተራ ጠየቁ። ደብተራው ሦስት ቀን ቀጠሩ አሉ። በሦስተኛው ቀን፣ አፍ ሳይከፈት ከሆነ አይገድፍም ብለው ፈረዱ። ያን ሁዳዴ አዳራሽ ሙሉ ሰው በአፍንጫው ሲስቅ ከረመ።

የአህያውን ምስጢር ሙሴ አንድ ቀን አሳይቶኛል። ጥቅልሉን ዘርግቶ በመስኮቱ ብርሃን ያዘልኝ። ለካ አንድ አህያ አይደለም። ከላይ እስከ ታች ትንንሽ አህዮች ተሰልፈዋል። ሁሉም ቆመዋል፤ አንዱም አይንቀሳቀስም። አንዱ ከጎረቤቱ የሚለየው እግሩን በፀጉር ያህል ከፍ በማድረጉ ብቻ ነው። እጀታው ሲዞር ግን ሁሉም አንድ ሆነው ይሄዳሉ። ይህን ለወዳጆቼ ስነግራቸው ጠጅ በዝቶብሃል አሉኝ።

አሁን ወደ ባላምባራስ ድንበሩ ልግባ። ባላምባራስን ያን ጊዜ አራዳ ላይ የማያውቅ የለም። እግራቸው ቀጭን ነው፣ ሆዳቸው ክብ ነው። ዝናብ ኖረም አልኖረም ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተው፣ አገጫቸውን ቀስረው ይንጎራደዳሉ። ከኋላቸው አንድ አሽከር ይከተላል። ዋናው ሥራቸው ሙግት ነው። የጎረቤት አውራ ዶሮ ያለ ሰዓቱ ከጮኸ፣ የቤተ ክርስቲያን መግቢያ ላይ ሰው ቀድሟቸው ከገባ፣ ጠጁ ከቀጠነ፣ ባላምባራስ ቆም ብለው ጣታቸውን ያነሡና "ይመዝገብልኝ!" ይላሉ። ማን ይመዝግብ? ጸሐፊ የለ፣ ቀለም የለ፣ ወረቀት የለ። ለአየሩ ነው የሚነግሩት። አየሩም አንድም ነገር መዝግቦላቸው አያውቅም።

እንግዲህ የእኚህን ሰውዬ መልክ አስብና የአህያውን መልክ አስብ። በሁለተኛው ቅዳሜ ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ፣ "እኚህማ ባላምባራስ ናቸው!" አለ። አዳራሹ ተናጋ። እኔ ያን ቀን ንጹሕ ነኝ፤ ምንም አላልኩም። ጥፋቴ በሦስተኛው ቅዳሜ ነው። አህያው አገጩን ቀስሮ መጥቶ ጉድጓድ ውስጥ ጥልቅ ሲል፣ ምላሴ አላርፍ አለኝ። በባላምባራስ ድምፅ፣ በዚያች በአፍንጫ በኩል በምትወጣዋ፣ "ይመዝገብልኝ!" አልኩ።

ምን ልበልህ? ሰዉ ከወንበሩ ወደቀ። ሙሴ እጀታውን ማዞር አቅቶት አህያው ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አህያው ስም አገኘ። የፈረንጅ ስሙን ማንም አይጠራም፤ ይመዝገብልኝ ሆኖ ቀረ። ዛሬ ይመዝገብልኝ አለ ወይ? አለ። ምን ሆነ? ባቡር ሄደበት። ምን አለ? ይኸው ነው፣ ያችን ቃል ነዋ! እኔም ታወቅሁ። ጠጅ ቤት ስገባ ቦታ ይለቀቅልኛል። መንገድ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች አስቁመው እስቲ አንዴ በላት ይሉኛል፤ እላታለሁ። ማፈር የሚባል ነገር በአጠገቤም አላለፈም።

በአንድ ቅዳሜ ጠዋት አራዳ መሐል ስሄድ ከኋላዬ፣ "በሕግ አምላክ!" ተባለ። ይህ ከተባለ ንጉሥም ቢሆን ይቆማል። ዞር ብል ጥቁር ጃንጥላ። ባላምባራስ የኩታዬን ጫፍ ይዘው ከኩታቸው ጫፍ ጋር ቋጠሩት። ጠበቅ አድርገው ነው የቋጠሩት፤ ስንት ሰው ቋጥረው ያውቃሉ። ልማዱን ታውቀዋለህ፤ ዋስ ካልጠራህ ከሳሽህ የሄደበት ትሄዳለህ፣ አንተ የሄድክበት ይሄዳል። ዋስ ጥራ አሉኝ። ጠራሁ። ትናንት ጠጅ ያጠጣኝ ሁሉ የባላምባራስን ፊት ሲያይ የእሱ መንገድ በሌላ በኩል መሆኑ ትዝ አለው። አልፈርድባቸውም። ባላምባራስ ተከሳሹን ሲጨርሱ ዋሱን እንደሚከሱ የታወቀ ነው።

ዳኛው አንድ ሽማግሌ ግራዝማች ነበሩ፤ በአንድ ሰፊ በረንዳ ላይ ነው የሚያስችሉት። ባላምባራስ ጃንጥላቸውን አጥፈው፣ ነጠላቸውን አደግድገው ቆሙ። ክሳቸው ረጅም ነው፣ ልብ ልቡን ልንገርህ። አንደኛ ተከሳሽ አህያው ነው። ሁለተኛ ተከሳሽ የአህያው አፍ የሆንኩት እኔ ነኝ። ሙሴ ስታቭሮ የውጭ ዜጋ ስለሆነ በቆንስሉ ነው የሚዳኘው፤ ተዉት። ሠዓሊው ባሕር ማዶ ነው፤ ተዉት። እኔ ግን የአገር ልጅ ነኝ፣ ቅርብ ነኝ፣ የተቋጠርኩም ነኝ።

ዳኛው አህያው የታለ አሉ። አቡጀዲ ላይ ነው አልኩ። የማነው አሉ። የማንም አይደለም፣ ቀለም ነው አልኩ። ቀለም እንዴት ይሄዳል ሲሉኝ፣ ሙሴ ያሳየኝን ሁሉ ተናገርኩ። አህያው አንድ አይደለም፣ እልፍ ነው፣ ሁሉም ባሉበት ቆመዋል፣ አንዱም አይነቃነቅም አልኩ። ዳኛው ጢማቸውን ሲዳብሱ ቆዩ።

"እንግዲያው የተሳደበው የትኛው ነው?" አሉ።

"ሁሉም!" አሉ ባላምባራስ። "ይመዝገብልኝ!"

የዳኛው ጸሐፊ መዘገበ። ባላምባራስ ብዕሩ ሲንቀሳቀስ ባዩ ጊዜ ትንሽ ደነገጡ፤ በዕድሜያቸው ሙሉ ሲሉት የኖሩት ነገር ተፈጽሞ ያዩት ያን ቀን ሳይሆን አይቀርም።

ቀጥሎ ዳኛው አንድ ነገር ጠየቁ፤ ስድቡን በዓይንዎ አይተዋል ወይ? ባላምባራስ ተቆጡ። እኔን የመሰለ ሰው የሰይጣን ቤት ይገባል ወይ አሉ። ታዲያ ማን ነገረዎት? አራዳ በሙሉ! ዳኛው ወደ ቋጠሮአችን አዩ፣ ወደ ሰማይ አዩ፣ ከዚያ ፈረዱ። ያላዩትን መክሰስ አይገባም፤ ዛሬ ከሰዓት ገብተው ይዩ፤ ሥዕሉ እስኪያልቅ ቋጠሮው አይፈታ፤ ሰኞ መጥተው ያዩትን ይንገሩን። ስድቡ እውነት ሆኖ ከተገኘ ታፈሰ አርባ ጅራፍ ይገረፋል፣ ሁለተኛም ሲኒማ ቤት ደጃፍ አይደርስም።

ጅራፉን ተወው፤ ጀርባ ይድናል። ሲኒማ ቤት ደጃፍ አይደርስም ሲሉ ግን ልቤ ስንጥቅ አለ። እኔ ከዚያ አቡጀዲ ሌላ ምን አለኝ? ተመልሼ ሣጥንና በርሜል ልቁጠር?

ሰዓቱ እስኪደርስ ተቆራኝተን በአራዳ ዞርን። ባላምባራስ ጃንጥላቸውን ዘርግተዋል፤ ቋጠሮው አጭር ስለሆነ ግማሼ ጥላ ውስጥ ነኝ፣ ግማሼን ፀሐይ ይጠብሰኛል። ሰዉ ሲያየን አፉን በኩታው ይሸፍናል። ዳቦ ገዛሁ፣ አብረን ገባን። ውኃ ልሽና አልኩ፣ አብረን ሄድን፤ ያን እለፈው። አንድ ድልድይ ላይ ስንደርስ ባላምባራስ ወደ እኔ ሳያዩ ተናገሩ።

"ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዴት እንደከረምኩ ታውቃለህ?" አሉ። "ስቀርብ ዝም ይባላል። ሳልፍ ይሳቃል። በራሴ ቤት እንኳ አሽከሬ ምሳ አቅርቦልኝ ጓዳ ሲገባ ይስቃል። ምን አድርጌ እንደሆነ የነገረኝ አንድ ሰው የለም። ጃንጥላዬን እቤት ትቼ ወጥቼ አየሁ። ባሰ።"

አፈርኩ። እውነቴን ነው፣ ያን ያህል አፍሬ አላውቅም። ሰውዬው ሲያልፉ ከኋላቸው ከሳቁት መሐል ስንት ጊዜ ፊተኛው እኔ ነበርኩ። ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ይቅርታ ማለት ማመን እንደሆነ፣ ማመን ደግሞ አርባ ጅራፍ እንደሆነ ትዝ ሲለኝ መልሼ ዘጋሁት።

አዳራሹ ሞልቶ ሰው ቆሟል። ክሱን ሰምተው ነው የመጡት። ከአቡጀዲው አጠገብ ባለችው ቦታዬ ላይ ቆምኩ፤ ባላምባራስም ከነቋጠሮአቸው አጠገቤ ቆሙ። ሕዝቡ ሁለታችንን ሲያይ ገና ሥዕሉ ሳይጀመር እንባውን ይጠርጋል። መስኮቱ ተሸፈነ፣ እጀታው ዞረ፣ ይመዝገብልኝ አገጩን ቀስሮ ወጣ።

ያን ቀን የተናገርኩትን ብትሰማ ታዝንልኝ ነበር። አህያው ይሄዳል አልኩ። አህያው እየሄደ ነው አልኩ። እነሆ፣ አሁን ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ገባ፤ ያሳዝናል አልኩ። "በላት እንጂ!" ብሎ ጮኸ ሕዝቡ። ጥርሴን ነከስኩ። አቡጀዲው በእግር ድብደባ ተወዛወዘ። ከኋላ ሙሴ ስታቭሮ በግሪክኛ የሚናገረው ነገር ምርቃት እንዳልሆነ ገባኝ። ባቡሩ መጣ፣ በአህያው ላይ ሄደ፣ ጠፈጠፈው። ባቡሩ አለፈ አልኩ፤ ላቤ ጠብ ጠብ ይላል።

በዚህ መሐል ባላምባራስን አየኋቸው። አይስቁም፣ አይቆጡም። አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። አቡጀዲው ላይ ያ የተጠፈጠፈ አህያ በአንድ ጥጉ ተነሣ። ራሱን ነፋ፣ ሆዱን መለሰ። አቧራውን አራገፈ። ጃንጥላው ተሰብሯል፤ አቃንቶ ዘረጋው። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሰው አገጩን ቀስሮ መንገዱን ቀጠለ።

ባላምባራስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ይነሣል እንዴ?"

"ሁልጊዜ ይነሣል፣ ጌታዬ።"

"መነሣቱን ማንም አልነገረኝም" አሉ።

ማን ይነግራቸዋል? እኔ ራሴ ተናግሬው አላውቅም። አህያው በሚነሣበት ሰዓት ሕዝቡ ገና በወደቀው እየሳቀ ስለሆነ፣ አርፌ ውኃ የምጠጣው ያኔ ነው። አራዳም ወሬውን ሲያደርስላቸው ከጉድጓዱ አላወጣውም።

ሁለተኛው ጥቅልል ሲጀመር ባላምባራስ ያርሙኝ ጀመር። አህያው ሸሸ ስል፣ አልሸሸም፣ ገለል አለ ይሉኛል። ፈራ ስል፣ አስተዋለ ይላሉ። ለመነ ስል ግን አልቻሉም። "ይኼ ሲለምን አይተኸዋል?" ብለው ጮኹ፤ ሕዝቡ ሰማ። እጃቸውን ሊያነሡ ሲሉ ቋጠሮው ያዛቸው። በጥድፊያ ፈቱት፣ ኩታዬን ወደ እኔ ወርወር አደረጉና አቡጀዲው ፊት ወጡ። ነፃ ወጣሁ፤ ሥራዬም ያኔ አብሮ ተፈታ።

ወዳጄ፣ አሁን ባልመሰክር ደስ ባለኝ። ግን አየሁ። ጃንጥላቸውን ዘረጉ፣ አገጫቸውን ቀሰሩ፣ ከአህያው እኩል ተንጎራደዱ። ሙግት ለሃያ ዓመት ያሠለጠነው አንደበት ነው፤ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። አህያው ሲወድቅ ዝም አሉ። እኔ የምጮኽበት ቦታ ላይ ዝም! ሕዝቡም አብሯቸው ዝም አለ። አህያው ሲነሣ፣ አቧራውን ሲያራግፍ፣ ያኔ ጣታቸውን አነሡ።

"ይመዝገብልኝ!"

ሳቁ፣ ጭብጨባው፣ እልልታው አንድ ላይ ወጣ። እኚያ የእሪ በከንቱ ወይዘሮ እንኳ አፋቸውን ከፍተው ሳቁ። ሥዕሉ ሲያልቅ ሙሴ ስታቭሮ ከማሽኑ ኋላ እየሮጠ መጥቶ የባላምባራስን እጅ ጨበጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና በሚያውቃት አማርኛ አጽናናኝ፤ "ባላምባራስ ጥሩ። አንተ ደግሞ ጥሩ። ባላምባራስ ግን ጥሩ" አለኝ።

ሰኞ በረንዳው ላይ ቀረብን። ይታረቁኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ እንዲያውም ነጠላዬን አሳጥቤ ነው የሄድኩት። ባላምባራስ ስድቡን ትቼዋለሁ አሉ። ዳኛው ደስ አላቸው፣ እኔም ደስ አለኝ። ግን፣ አሉ ባላምባራስ፣ አህያው ጨዋ ነው፣ ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም። ይኼ ሰው ግን ከአፌ ቃሌን ነጥቆ፣ ያውም ያለ ቦታው፣ ለወደቀ አህያ ሰጥቶብኛል። ቃሌ ይመለስልኝ።

ዳኛው ብዙ አላሰቡም። ቃሉ የማን እንደሆነ አራዳ ሙሉ ምስክር ነው። እንዲህ ብለው ፈረዱ፦ "ቃሉ ለባለቤቱ ተመልሷል። ታፈሰ ከዛሬ ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ይህን ቃል በአፉ እንዳይል። ቢል አርባ ጅራፍ።"

አየህ ፍርዱን? ሲኒማ ቤት አትግባ አላሉኝም። ሥራህን ተው አላሉኝም። አህያውን ማናገር እችላለሁ፤ ያችን ቃል ሳልል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሞከርኩ። "ይጻፍልኝ!" ብል ሕዝቡ ያኘከውን የዱባ ፍሬ ልጣጭ ወረወረብኝ። ከዚያ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ባላምባራስ ቦታዬ ላይ ቆሙ። እኔ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። አልስቅም ብዬ ምዬ ነበር የገባሁት። ከአፍንጫዬ አመለጠኝ።

ባላምባራስ ብዙ ዓመት ነገሡበት። ከኋላቸው የሚስቅ ጠፋ፤ ሁሉም ከፊታቸው ነው የሚስቀው፣ ያውም እጅ ነስቶ። ከዚያ የዘመኑ ነገር መጣ። ሥዕሉ ራሱ መናገር ጀመረ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ትዝ ይለኛል። አህያው ከጉድጓዱ ወጣ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ባላምባራስ ጣታቸውን አነሡ። አህያው ቀደማቸው። በቀጭን የፈረንጅ ድምፅ አንድ ነገር ጮኸ። ባላምባራስ ደንግጠው ዞሩና፣ "እንዲህ አላልክም!" አሉት። አህያው ደግሞ ጮኸ። እሳቸውም ጮኹ። ሁለቱ እንዲህ ሲነታረኩ ጥቅልሉ አለቀ። ቂም አለብኝ፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ደስ አላለኝም። ሙሴ አክብሮ ሸኛቸው። እሳቸው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዳራሹ ደጃፍ ቆመው ለሚወጣው ሰው አህያው በእውነት ያለው ምን እንደሆነ ሲያስረዱ ከረሙ።

እንግዲህ የአህያው ታሪክ ይኸው ነው። ሠዓሊው አራዳን በሕልሙም አላያት። መልኩ የሠዓሊው ነው፣ ቃሉ የባላምባራስ ነው። አህያውንና ቃሉን ያገናኘው ማን ነው? ፀጉር ቤት ውስጥ ይህን የጠየቀ የለም። ያ ኮሌታው የደረቀ ጸሐፊ ስሜን የጠራው ለምስክርነት ብቻ ነው።

ባላምባራስ ተላጭተው ሲወጡ በሩ ላይ ቆሙ። ጃንጥላቸውን ዘረጉ። ወደ እኔ ዞረው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ፈገግ ብለው፣ "ምነው ታፈሰ ዝም አልክ? የምትለው ካለህ በል እንጂ" አሉኝ። ያውቃሉ እኮ። አርባዋን ጅራፍ ከእኔ በላይ የሚያስታውሷት እሳቸው ናቸው።

የምለውማ አለኝ። ግን እኔም በዚያ በረንዳ ላይ ቆሜ ፍርዱን በደንብ ሰምቼዋለሁ። ዳኛው ያሉት በአፉ እንዳይል ነው። ስለ እጄ ያሉት ነገር የለም።

ያንን አህያ አራዳ ላይ ያናገርኩትና ስም ያወጣሁለት እኔ ታፈሰ ነኝ። ይመዝገብልኝ።